ልቤን የመታኝ ክኒኑ ነው ወይስ ወባው?

ጥቅምት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት መድኃኒት ቤት ገቡ። ከዘጌ በጀልባ ነው የመጡት። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና ግማሹ ያለቀ ኮአርተም፣ የወባ ክኒን፣ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ዶክተር፣ ይሄን መልስልኝ። ልቤን መታኝ።»

ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ማረም ከተውኩ ቆየሁ።

ክኒኑን ቆጠርኩት። የአዋቂ ሰው ሙሉ መጠን 24 ነው፤ 12 ቀርቷል። ትናንት ሁለት ጊዜ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ በየጊዜው አራት አራት ወስደዋል። ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ ልቤ ድው ድው ሲል አደረ። ጎረቤቶቼም ይሄ ክኒን ለደካማ ሰው አይሆንም አሉኝ።»

ከመስከረም እስከ ኅዳር እንዲህ ያለ ነገር ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ክረምቱ ሲወጣ የሐይቁ ዳር ኩሬ ይዞ ይቀራል። የፎገራ ሩዝ ማሳ ውኃ እንዳቋረ ይቆያል። የወባ ትንኝ ደግሞ ከዚህ በላይ ምንም አትፈልግም። ወባው ሲበዛ ክኒኑ ይበዛል፤ ክኒኑ ሲበዛ «ልቤን መታኝ» የሚለውም ይበዛል።

እጃቸውን ይዤ ሰዓቴን እያየሁ ምታቸውን ቆጠርኩ። በደቂቃ 104። ፈጣን ነው፤ ግን እኩል እኩል ነው የሚመታው። አይዘልም፣ አይደነቃቀፍም። ግንባራቸው ይተኩሳል፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ከትናንት ጀምሮ የበሉት ሁለት ጉርሻ ሽሮ ብቻ ነው።

የሰው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ልብ በደቂቃ ወደ 10 ምት ገደማ ይጨምራል። ሁለት ዲግሪ ትኩሳት ካለ ሃያው ምት ከዚያው መጣ። ወባ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋስን እየሰበረ ይሄዳል። ደም ሲያንስ ልብ ያንኑ ኦክስጅን ለማድረስ ይሮጣል። ላቡና ማስመለሱ ውኃውን ሲያሟጥጠው ደግሞ ሩጫው ይብሳል። እንግዲህ ሌሊቱን የደለቀው ልብ በአብዛኛው የወባው ሥራ ነበር። ወባው ሦስት ምክንያት ይዞ መጥቶ ክኒኑ ተከሰሰ።

ነገር ግን «ክኒኑ ከልብ ጋር ምን አገናኘው!» ብዬ ብመልሳቸው እዋሻለሁ። ያገናኘዋል። የጎረቤቶቹ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ የተሳሳቱት መጠኑንና ቦታውን ነው።

በአማርኛ ማንኛውንም እንክብል ክኒን እንላለን። የራስ ምታቱም ክኒን ነው፤ የደም ግፊቱም ክኒን ነው። ቃሉ ግን መነሻው የአንድ መድኃኒት ስም ነው፤ የኩዊኒን። ኩዊኒን የሚገኘው ሲንኮና ከሚባል የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ሲሆን፣ ፔለቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ንጥሩን የለዩት በ1820 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ «ክኒን ዋጥኩ» ባልን ቁጥር፣ ሳናውቀው የወባ መድኃኒት ስም እየጠራን ነው።

ይህ ኩዊኒን ከልብ ጋር ያለውን ትውውቅ ያሳየው አንድ ነጋዴ ነው። በ1912 ካረል ዌንክባህ ወደሚባል የኔዘርላንድስ ተወላጅ ሐኪም ዘንድ ይመጣል። ልቡ እየተነሣበት፣ ሥርዓቱን ስቶ ይመታል። ሐኪሙ ይህን ላስቆምልህ አልችልም ይለዋል። ነጋዴው ታዲያ «እኔ ራሴ አስቆመዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ልቤ ተስተካክሎ ታየዋለህ» ብሎ ይሄዳል። በማግሥቱ እንዳለው ተስተካክሎ መጣ። በወባ አገር የኖረ ሰው ነበርና ኩዊኒን ከኪሱ አይለይም፤ አንድ ግራም ውጦ ነበር። ዌንክባህ ነገሩን በ1914 ጻፈው። በ1918 ዋልተር ፍሬይ የተባለ ሐኪም ከዚያው ቅርፊት የሚወጣው ኩዊኒዲን ከኩዊኒን የበለጠ ልብን እንደሚያስተካክል አሳየ። ሁለቱ ቅመሞች አቶማቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያቸው አቀማመጡ ብቻ ነው። ኩዊኒዲን ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የልብ መድኃኒት ሆኖ አገለገለ።

ችግሩ፣ ኩዊኒዲን ከሚወስዱት መካከል አንዳንዱ በድንገት ራሱን ይስት ነበር። አንዳንዱም በዚያው ይቀራል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የልብን ሥራ ትንሽ ቀረብ ብለን ማየት አለብን። ለዚህ ደግሞ እዚሁ ጣና ላይ ካለው ታንኳ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አይታችሁ ከሆነ ሥራው ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ ከትቶ ይገፋል። ታንኳው ይሄዳል። ከዚያ መቅዘፊያውን ከውኃው አውጥቶ ወደፊት ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ ታንኳው አይገፋም፤ ቀዛፊው እየተዘጋጀ ነው። ተመልካች የሚያየው ግፊያውን ነው። ቀዛፊው ግን መመለሱን ካላስተካከለ ቀጣዩ ግፊያ እንደሚበላሽ ያውቃል። መቅዘፊያው ገና ግማሽ መንገድ ላይ እያለ ማዕበል ከጎን ቢመታው ታንኳው ይዞራል።

የልብ ሕዋስም እንዲሁ ነው። ሶዲየምና ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይገባሉ፤ ልብ ይጨመቃል፤ ደም ይረጫል። ይህ ግፊያው ነው። ከዚያ ፖታሲየም የራሱ በር አለውና በዚያ ይወጣል። ሕዋሱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለቀጣዩ ምት ይዘጋጃል። ከነዚህ የፖታሲየም በሮች አንዱ ኸርግ ይባላል። ብዙዎቹ የወባ መድኃኒቶች እዚህ በር ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። በሩን በሙሉ አይዘጉትም፤ ያጠቡታል። ፖታሲየሙ ቀስ እያለ ይወጣል፤ መመለሱ ይረዝማል። (ኸርግ የሚለው ስም የመጣው ኤተር ሲያሸትቷቸው እግራቸው እየተንቀጠቀጠ ከሚደንሱ ዝንቦች ነው። ሳይንቲስቶችም አንዳንዴ ቀልድ ያውቃሉ።)

ይህን መርዘም በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሥታችሁ ከሆነ ወረቀቱ ትንንሽ ካሬ የሞላበት ነው። አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊሰከንድ ናት። አምስቱ ሲደመሩ አንድ ትልቅ ካሬ፣ 200 ሚሊሰከንድ ይሆናሉ። ግፊያው ከተጀመረበት ጫፍ መመለሱ እስካለቀበት ድረስ ያለው ርቀት ኪውቲ ይባላል። በጤነኛ ሰው ሁለት ትልልቅ ካሬ አካባቢ ነው። ለልብ ፍጥነት ከተስተካከለ በኋላ በወንድ እስከ 450፣ በሴት እስከ 460 ሚሊሰከንድ ያለው ደህና ነው ይባላል። ከ500 ሲያልፍ፣ ማለትም ሁለት ከግማሽ ትልልቅ ካሬ ሲሞላ፣ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል።

ምክንያቱም መመለሱ በጣም በረዘመ ልብ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ምት ከመጣ፣ ያ ከጎን የመጣው ማዕበል ነው። ልቡ ይጠማዘዛል። በ1966 ደሰርተን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ይህን በኢሲጂ አይቶ ቶርሳድ ደ ፗንት አለው፤ የጫፎች መጠማዘዝ እንደ ማለት ነው። የኩዊኒዲን በሽተኞች ራሳቸውን የሚስቱት በዚህ ነበር። ልብ በሉ፣ ይህ ችግር ሌሊቱን ሙሉ ድው ድው እያለ አያሳድርም። የሚመጣው በድንገት ነው። ሰውየው ይወድቃል፤ ወይ በራሱ ይነቃል፣ ወይ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ ልቤ ደለቀ ከሚለኝ ሰው ይልቅ «ተነሥቼ ስቆም ሳላውቀው ወለሉ ላይ ነበርኩ» የሚለኝ ያስደነግጠኛል።

ሁለተኛውም ሁሌ የልብ ሥርዓት ችግር አይደለም። ክሎሮኪንም ኩዊኒንም ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል የደም ግፊቱን ዝቅ ያደርጉታል። ወባ ራሱም ያደርጋል። ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ከዚያ መቆም ነው።

እንግዲህ ሁሉም የወባ መድኃኒት እኩል አይደለም። ስለ ሁሉም አልዘረዝርም፤ ሰው የሚጠይቀኝን ብቻ።

ስሙን ያበላሸው ሃሎፋንትሪን የሚባለው ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ወጣ። በ1993 በታይላንድና በምያንማር ድንበር በሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ኪውቲን ክፉኛ እንደሚያስረዝም አሳየ። በድንገት የሞቱም ነበሩ። ይባስ ብሎ ከቅባት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ አደጋውም አብሮ። ዛሬ ለወባ አይመከርም። ነገር ግን «የወባ መድኃኒት ልብ ያቆማል» የሚለው ወሬ ብዙው የዚህ ዕዳ ነው።

ኮአርተም ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ፤ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን። ሉሜፋንትሪን የሃሎፋንትሪን ዘመድ ነው፤ በኬሚስትሪ ቤተሰብ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚደናገረው። ዘመድ ቢሆንም ያንን በር የማጥበብ አቅሙ በጣም ደካማ ነው። በትክክለኛው መጠን ሲወሰድ ኪውቲን ቢያረዝም በጥቂት ሚሊሰከንድ ነው፤ ትንሿን ካሬ እንኳ አይሞላም። ኢትዮጵያ ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ይህን መድኃኒት ከ2004 ጀምሮ ስትጠቀምበት ኖራለች።

ኮአርተምም ቅባት ይፈልጋል። ያለ ቅባት ከተዋጠ ሉሜፋንትሪኑ ወደ ደም በደንብ አይገባም፤ ወባው ሳይሞት ይቀራል። ከሃሎፋንትሪን በተለየ ቅባቱ እዚህ መድኃኒቱን ያሠራዋል እንጂ ልብን አያስፈራራም። እዚህ ጋ ግን የኛ ወቅት ይመጣል። ጥቅምት የጽጌ ጾም ነው፤ ኅዳር 15 የነቢያት ይገባል። ወተትና ቅቤ ውሰዱ ያልኩት ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። ልክ ነው። ግን ብዙ ቅባት አያስፈልግም። ዘይት የገባበት ሽሮ፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ይበቃል። ዓሣ በዚህ ጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ትቼዋለሁ።

ክሎሮኪን ቫይቫክስ ለሚባለው ሌላ የወባ ዓይነት የሚሰጠው ነው፤ ለአዋቂ አራት፣ አራት፣ ሁለት ተብሎ በሦስት ቀን። ያሳክካል፤ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚያማርረው። በታዘዘው መጠን ኪውቲን ያረዝማል፤ ግን ለሦስት ቀን ሲወሰድ ጤነኛ ልብ ይችለዋል። ችግሩ በመድኃኒቱና በመርዙ መካከል ያለው ርቀት አጭር መሆኑ ነው። ለትንሽ ሕፃን አንድ ሁለት ክኒን ብቻ ሊገድል ይችላል። ይህን እያጋነንኩ አይደለም። የተረፈ ክሎሮኪን መስኮት ላይ ወይም ትራስ ሥር የሚያስቀምጥ ቤት ሳይ ከወባው በላይ እሱ ያሳስበኛል። ደግሞም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ለሳምንታት ይቆያል። ዛሬ ክሎሮኪን፣ ነገ «አልሻለኝም» ብሎ ኩዊኒን የደረበ ሰው ሁለቱንም በአንድ በር ላይ አስቀምጧቸዋል።

ለሉፐስ ወይም ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ክሎሮኪንን ወይም ወንድሙን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ ሌላ ነው። በእነሱ፣ አልፎ አልፎ፣ የልብ ጡንቻው ራሱ ሊወፍርና ሊደክም፣ የልብ ኤሌክትሪክ መስመርም ሊቋረጥ ይችላል። ለወባ ሦስት ቀን የወሰደ ሰው ይህን እንደራሱ አድርጎ አያንብበው።

ኩዊኒን በመርፌ ወደ ደም ሥር በአንድ ጊዜ ከተገፋ ግፊትን ጥሎ ልብን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ በግሉኮስ ተበጥብጦ በአራት ሰዓት ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚገባው። ስኳርንም ይቀንሳል። ኩዊኒን የተሰጠው ሰው ልቡ ደልቆ፣ ላብ አጥምቆት፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ መጀመሪያ የሚለካው የደም ስኳሩ ነው። አሁን ለከባድ ወባ አርቴሱኔት ቦታውን ወስዶበታል። በ2005 በእስያ አዋቂዎች ላይ በተሠራ ትልቅ ጥናት አርቴሱኔት ከኩዊኒን አንጻር ሞትን ከሦስት አንድ ያህል ቀነሰ፤ በ2010 በአፍሪካ ሕፃናት ላይ ደግሞ በ22.5 በመቶ። ልብ ላይ ያለው ጫናም ከኩዊኒን በጣም ያንሳል።

ፒፐራኩዊን የሚባልም አለ፤ ኪውቲን ከኮአርተም የበለጠ ያረዝማል። በ2018 የወጣ አንድ ግምገማ ይህ ያለበትን መድኃኒት የወሰዱ ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ አሰባስቦ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሊያያዝ የሚችል አንድ ድንገተኛ ሞት ብቻ አገኘ። አንድ።

ከወባው ጋር አወዳድሩት። በ1958 በአገራችን በተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። የያኔው ወባ ቆላ ላይ አልቀረም፤ ወይና ደጋውን ወጥቶ ነው የጨረሰው። ሩቅ ዘመን ነው የሚል ካለ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው በ2024 ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው ወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢሲጂን ራሱ ወባው ያታልለዋል። ልብ ሲፈጥን ኪውቲ ያጥራል፤ ስለዚህ ማሽኑ በቀመር ያስተካክለዋል። ብዙው ማሽን የሚጠቀመው በ1920 ባዜት ያወጣውን ቀመር ነው። ይህ ቀመር ደግሞ ልብ በፈጠነ ጊዜ ቁጥሩን ያጋንናል። ትኩሳት ላይ ያለ ሰው ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቁጥር አይቶ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ሐኪሙ ግን በእጁ ለክቶ፣ ትኩሳቱ ሲበርድ እንደገና ማየት አለበት።

ወደ እማማ ልመለስ። ሁልጊዜ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጠየቅኳቸው። ራስዎን ስተው ያውቃሉ? አያውቁም። ከቤተሰብ በወጣትነቱ ሳይታመም በድንገት የሞተ አለ? የለም። የልብ በሽታ አለ ተብለው ያውቃሉ? ይህን የምጠይቀው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ ቫልቩ የተጎዳ ሰው በአገራችን ብዙ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያሉት ብዙ ጊዜ ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒትና ላዚክስ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት ይወስዳሉ። ላዚክስ ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ያ የምላችሁ በር ይበልጥ ይጠብባል። ኩዊኒን ደግሞ ዲጎክሲን ደም ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። እንዲህ ያለ ሰው የወባ መድኃኒት አይከለከልም፤ ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት። እማማ ግን ልባቸው ደህና ነው።

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።» ትንሽ አሰቡ። «ይቺን ብቻ ነው፤ ለሳሉ።»

ሌላኛውን የነጠላ ጫፍ ፈቱ። አዚትሮማይሲን።

ጎረቤታቸው ናት የሰጠቻቸው። «የትራኮማው መድኃኒት አይደለም እንዴ? ሁላችንም ስንውጠው ኖርን።» እውነታቸውን ነው። በአማራ ክልል ለትራኮማ ዘመቻ ይህንኑ መድኃኒት ያልዋጠ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ለዚያ ሲሰጥ አንዴ ነው፤ ለብቻውም ነው። ነገር ግን አዚትሮማይሲንም ያንኑ የፖታሲየም በር ያጠባል። ሲፕሮፍሎክሳሲንም፣ ኤሪትሮማይሲንም፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ። አንዱ ለብቻው ትንሽ ነው። ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ፣ ያልበላና ያስመለሰው ሰው ላይ፣ በተለይ ሴት ላይ፣ ነገሩ ይለወጣል። በተፈጥሮ የሴት ኪውቲ ከወንድ ትንሽ ይረዝማል፤ መድኃኒት የሚያመጣው ቶርሳድም ብዙውን የሚይዘው ሴቶችን ነው።

ዓለም ይህን መደራረብ በኮቪድ ጊዜ አይቶታል። በ2020 መጀመሪያ ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮሮናን ያድናሉ ተባለ፤ ብዙ ቦታ ከአዚትሮማይሲን ጋር ይሰጡ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በማርች መጨረሻ ለአስቸኳይ ጊዜ ፈቅዶ፣ በጁን 15 ፈቃዱን ሰረዘ። ጥቅማቸው አልታየም፤ ልብ ላይ ያላቸው ጣጣ ግን ታየ። ያኔ እኔም ባንኮኒ ላይ ቆሜ ክሎሮኪን የሚጠይቀኝን ሰው ስመልስ ነው የከረምኩት። ተሰዳድበን የተለያየነውም ነበር።

እማማ የፈሩት ክኒን አንዱን ነበር፤ ያላሰቡት ሌላው ነው። አዚትሮማይሲኑን ገና አንድ ቀን ነው የወሰዱት። ተዉት አልኳቸው። ሳሉ ከትኩሳቱ ጋር ካልሄደ ለጤና ጣቢያው ይናገሩ። ራሴን አዞረኝ፣ ወደቅኩ፣ ልቤ ዘለለ ካሉ ደግሞ ሌሊት እንኳ ቢሆን ሆስፒታል ነው። ውኃ ይጠጡ፤ ካስመለሳቸው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይበጥብጡ። ወደ ጤና ጣቢያው ባለሙያም ደወልኩና የሆነውን ነገርኩት።

«ጫትስ?» አሉኝ በድንገት። ለራሳቸው አይደለም፤ ለልጃቸው ነው። እሱም ወባ ይዞታል፤ ክሎሮኪን ላይ ነው። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ያስጠላል፤ ትኩሳት ላይ ሆኖ መቃም ለልቡ ድርብ ሥራ ነው አልኳቸው። «ንገርልኝ» አሉ። ስልክ ቁጥሩን ሰጡኝ። አላነሣም።

ኮአርተሙን አልመለስኩላቸውም። የቀረውን 12 ባንኮኒው ላይ በሦስት ከፈልኩላቸውና በየክፍሉ ላይ ጣቴን እያሳረፍኩ አሳየኋቸው፤ ዛሬ ማታ፣ ነገ ጠዋት፣ ነገ ማታ። እሳቸውም ጣታቸውን አስከትለው ደገሙት።

«በሽሮ?»

«ዘይት በገባበት ሽሮ።»

«አራት፣ አራት፣ አራት» አሉና መልሰው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። የአዚትሮማይሲኑን ቋጠሮ እኔ ጋ ተዉት።